ሰይድን ለማስቀረት የተጫወትሁት ቼዝ

ባለፈው የገበያ ቀን ቆቦ ላይ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ ሸራ ዘርግተው የእጅ ባትሪና የፕላስቲክ ጫማ ከሚሸጡት ነጋዴዎች በአንዱ ዘንድ አንድ ካርቶን አየሁ። ላዩ ላይ ጥቁርና ነጭ ካሬ ተስሎበታል። ጎንበስ ብዬ ከፈትሁት። ፈረሱም፣ ግንቡም፣ ወታደሩም ፕላስቲክ ነው፤ ክብደት የለው፣ ሽታ የለው። "ስንት ነው?" ብለው "ስድስት መቶ ብር ነው አባባ፤ ለልጅ ልጅዎ ነው?" አለኝ። "አይ፣ እንዲያው እጄን ናፍቆት ነው" አልሁትና ፈረሱን ወደ ቦታው መለስሁ። ከኋላዬ ባጃጁ ጡሩንባውን ያንባርቃል፣ ረዳቱ "ዋጃ! አላማጣ!" ይላል፤ እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ። እኔ የተማርሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ዕድሜ ልኬን የጻፍሁትም የሰው ወገብና ትከሻ ልክ ብቻ ነው። ቢሆንም ይህችን ነገር ሳልጽፋት ብቀር ከእኔና ከጓደኛዬ ከሰይድ ጋር አብራ የምትቀበር መሰለኝ። ሰይድ ዓይኑ ስለደከመ የጻፍሁትን እያነበብሁለት ነው፤ የተሳሳትሁ ሲመስለው ያቋርጠኛል፤ ሁሉንም ግን አልሰማሁትም።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። ሻይ በአስር ሳንቲም የሚጠጣበት፣ አንድ አምባሻ ለሁለት የሚቆረስበት ጊዜ ነው። ወጣቱ ከታች ሰፋ ብሎ መሬት የሚጠርግ የቴትረን ሱሪ ይለብሳል፤ ጎፈሬው ላይ ሚዶ ይሰካል፤ የገጠሩ ሰው ሽርጡን አገልድሞ ሽመሉን ትከሻው ላይ አጋድሞ ይመጣል። እኔ ከዋናው መንገድ ዳር፣ በአንዲት ጠባብ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን አስቀምጬ ካኪና ፖፕሊን እሰፋ ነበር። የሱሪ ማሰፊያ ሁለት ብር ነው፤ ከታች እጥፋት ካለው ሁለት ብር ከሃምሳ። ከበረንዳዬ ቀጥሎ የእትዬ ስንዱ ሻይ ቤት ነበረ። ሬዲዮኑ መደርደሪያ ላይ ዳንቴል ለብሶ ይቀመጣል፤ ዘፈን ሲመጣ እትዬ ስንዱ ዳንቴሉን ገለጥ ታደርግለታለች፣ ወሬ ሲመጣ መልሳ ትሸፍነዋለች። በገበያ ቀን ከዞብል ተራራ ማዶ ጨው ጭነው የሚመጡት አፋሮች ግመላቸውን ከፊት ለፊት ያንበረክካሉ። ዛሬ በዚያ ቦታ ሞባይል የሚጠግን ሱቅ ተከፍቷል፤ ግድግዳው በሙሉ መስታወት ነው። በዚያ ሳልፍ መስታወቱ ውስጥ የማየው ሽማግሌ ማን እንደሆነ ለመለየት አንዳንዴ ጊዜ ይወስድብኛል።

ቼዝን ቆቦ ያመጣው ጋሽ ተፈራ ነው። ጎሊና ወንዝ አካባቢ ውሃ ሊቆፍሩ ከመጡት ሰዎች ጋር የመጣ መካኒክ ነበር። እኛ መሐንዲስ እንለዋለን፤ እሱ "እኔ ግሪስ የምቀባ ሰው ነኝ" እያለ ይስቃል። ጠጠሮቹን ከወይራ እንጨት ራሱ ነው የጠረባቸው፤ ጥቁሮቹን በተቃጠለ ዘይት ነክሯቸው ስለነበር ሲጫወቱባቸው የዋሉበት እጅ እስከ ማታ ጋራዥ ጋራዥ ይሸታል። አጨዋወቱ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ገና ጨዋታው ሲጀመር ከንጉሡ አጠገብ ያለችውን ወታደር ሁለት ካሬ ገፋ ያደርግና "እንካ ብላ" ይላል። ወታደሯ በነጻ የምትበላ ናት። አንተ እሷን ስትበላ ግን እሱ በከፈተው ቦታ ፈረሱን፣ ጳጳሱን፣ ንግሥቱን አሰልፎ እቤትህ ድረስ ይመጣብሃል። እኛ አጨዋወቱን "እንካ ብላ" ብለን ሰየምነው።

ክፋቱ እኛ የራያ ሰዎች መሆናችን ነው። በእኛ ዘንድ ሰው እጁን ዘርግቶ "እንካ" ያለህን አልቀበልም ማለት ፊቱ ላይ በር እንደ መዝጋት ነው። ተቀብለህ ስታበቃ መመለስማ ከዚያም ይብሳል፤ ዕድሜ ልክህን ተኳርፈህ መኖር ካልፈለግህ በቀር አታደርገውም። ስለዚህ የሻይ ቤቱ ሰው በሙሉ ወታደሯን ይበላል፣ በሙሉ ይሸነፋል። ጋሽ ተፈራ ጭንቅላቱን ይይዛል።

"ኧረ እናንተ ሰዎች! አለመብላትም እኮ ይቻላል። ከበላችሁም ሲጠባችሁ መልሱና ነፍሳችሁን አድኑ!"

አባ ይማም የሚባሉ በሽምግልና የታወቁ አዛውንት ነበሩ፤ ከቼዝ ሰሌዳው ዳር አይጠፉም። "መሐንዲስ" ይሉታል ረጋ ብለው፣ "የሰጠኸንን መልሰንልህ ስናበቃ ነገ በምን ዓይናችን እናይሃለን?"

ይህን "እንካ ብላ" ከጋሽ ተፈራ ወስዶ የራሱ ያደረገው ሰይድ ነው። ሰይድ እህል በረንዳ ጆንያ ተሸካሚ ነበር፤ ኩንታል ተሸክሞ የሚሮጥ፣ ሠርግ ቤት ሲጨፍር መሬቱን የሚያስጮህ፣ አንዲት ቀይ ፖፕሊን ሸሚዝ ያለችው። ሸሚዟን የሰፋሁለት እኔ ነኝ፤ ኮሌታዋ እስከ ትከሻው ይደርሳል፤ ያኔ ያምር ነበር። ስንጫወት እሱ ይሰጣል፣ እኔ እበላለሁ፤ እሱ ያጠቃል፣ እኔ እከላከላለሁ። ከአስር አራቱን እኔ፣ ስድስቱን እሱ ነበር የምናሸንፈው። ይህን ሳነብለት "ሰባቱን በል" ብሎኛል። አልቀየርሁትም።

ያን ጊዜ ደግሞ የአሰብ ወሬ የወጣቱን ልብ ነስቶት ነበር። ወደቡ ሰው ይፈልጋል፤ በቀን የሚከፈለው እዚህ በሳምንት አይገኝም፤ መርከቡ ከቆቦ ገበያ ይሰፋል፤ ይህን ሁሉ ሾፌሮች ሻይ እየጠጡ ያወራሉ። ሰይድ አፉን ከፍቶ ይሰማል። አንድ ቀን ብድግ ብሎ "በሚመጣው ቅዳሜ እሄዳለሁ" አለ። ሻይ ቤቱ አጨበጨበለት። በማግሥቱ ቆቦ በሙሉ ሰማ፤ እናቱም ሰማች።

እናቱ እማ ዘሀራ ወደ በረንዳዬ የመጣችው የሚሰፋ ነጠላ ይዛ ነው፤ ነጠላው ግን ምንም አልሆነም። አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ሰይድ ሌላ ወንድም እህት የለውም፤ አባቱ ሲሞት ገና ድክ ድክ ይል ነበር።

"ካሳዬ" አለችኝ፣ "ጓደኛህን ትሰማዋለህ?"

"እሰማዋለሁ እማ።"

"ገንዘቡን አልጠላሁም። ያግኝ። እኔ ግን አንድ ነገር ነው የማስበው። ብሞት ማን ነው የሚቀብረኝ? ጎረቤት አይጠፋም፤ አፈር ያለብሰኛል። ጉድጓድ ገብቶ በእጁ ተቀብሎ የሚያሳርፈኝ ግን ልጄ እንዲሆን ነበር የምፈልገው። አሰብ ሆኖ መርዶዬ እስኪደርሰው ሳር ይበቅልብኛል።"

"እማ ዘሀራ፣ ምን ሞት አመጣው? ገና ጠንካራ ነሽ።"

"አሁን ነኝ። በአላህ ይሁንብህ፣ አንተ ያዝልኝ።"

ሥራዬን ጥዬ እህል በረንዳ ሄድሁ። ሰይድ ጆንያ ላይ ተጋድሞ ሸንኮራ ይመጥጣል።

"አንተ ጎሊና ሲሞላ ዳር ቆመህ የምትጮህ ሰው፣ ባሕር ምን ሊያደርግልህ ነው?" አልሁት።

"ባሕሩ ላይ አልሄድበትም። መርከቡ ራሱ ወደ እኔ ነው የሚመጣው።"

"እናትህስ?"

ሸንኮራውን ማኘክ አቆመ። "እናቴ ላከችህ?"

"ላከችኝ።"

ሸንኮራውን ወዲያ ጣለ። ከዚያ ተነሥቶ ተቀመጠ። "እንግዲያው እንጫወት። አንድ ጨዋታ። ካሸነፍኸኝ እቀራለሁ፤ ሁለተኛ የአሰብን ስም አላነሣም። ካሸነፍሁህ ግን መኪናው ላይ የምታሳፍረኝ አንተ ነህ፤ ለእናቴ የምትነግራትም አንተ ነህ።"

"ወላሂ?"

"ወላሂ። አንተስ?"

"እኔም በማርያም።"

ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ እትዬ ስንዱ ዘንድ ተቀመጥን። ከዞብል በኩል የሚመጣው ትኩስ ነፋስ አቧራውን እያነሣ በሩ ላይ ይበትነዋል። ወደ አሰብ የሚሄደው ባለ ተሳቢ መኪና ከሰሜን ወርዶ ከፊት ለፊት ቆሟል፤ ሾፌሩና ረዳቱ ሸራ ያጠብቃሉ፤ ማለዳ ነው የሚነሡት። ሰይድ ቀይ ሸሚዙን ለብሷል። እኔ የልክ ሜትሬን ከአንገቴ ሳላወርድ ነው የመጣሁት፤ ጥቁሮቹ ለእኔ ደረሱ። ሬዲዮኑ ተዘጋ። ሰው እስከ በረንዳው ሞላ።

ሰይድ ወታደሯን ገፋ አደረጋት። "እንካ ብላ" አለ። እንደ ሌላው ቀን አልጮኸም፤ በቀስታ ነው ያለው።

በላሁ። ፈረሱን አወጣ። እኔ የበላሁባትን ወታደር ለመጠበቅ ጎኗ ያሉትን አስጠጋሁ። ጳጳሱን አወጣ። እኔ ፈረሱን በወታደር አስፈራራሁት፤ ይሸሻል ስል ፈረሱን እዚያው ጥሎ ንጉሡን በግንቡ ጀርባ ሸሸገ። ከኋላዬ ያለው ሰው ሁሉ "ኧረ ተወው! ፈረሱን ተወው!" አለ። አንዱ "ያበላሃል እንጂ አይቀልብህም!" አለኝ። ሰይድ ፈረሱን በጣቱ ወደ እኔ ጠቆመ። ምን ላድርግ? በላሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እግዜር ያውቃል። ንግሥቱ ወጣች። ጳጳሱን ደግሞ ሰጠኝ፤ በላሁ፤ ንጉሤ ከቤቱ ወጥቶ ሜዳ ላይ ቀረ። "ንጉሥ!" ይለኛል፣ እሸሻለሁ። "ንጉሥ!" ይለኛል፣ እከልላለሁ። ጋሽ ተፈራ አንድ ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ከበላኸው ከፊሉን መልስና እፎይ በል ማለቱ ነው። እጄን ወደ ግንቤ ላክሁ። ሰይድ ያን ሁሉ ሰጥቶኝ አንዱን መልሼ ፊቱ ላይ ልወረውርበት? እጄ እንቢ አለ። ላቤ በሜትሬ ላይ ይንጠባጠባል። አባ ይማም "አይዞህ ካሳ፣ አብሽር" ይሉኛል፤ ወዲያው ዞር ብለው ለሰይድም "አብሽር" ይላሉ።

እየቆየ ግን የሰይድ ሠራዊት አለቀ። የሰጠኝ ሁሉ በእኔ እጅ ነው። የቀረችው ንግሥቱ ብቻ ናት፤ እኔ ግንቤም ፈረሴም ገና ከተቀመጡበት አልተነሡም፤ አንድ ጊዜ ትንፋሽ ባገኝ አበቃለት። እሱም ያውቃል፤ ስለዚህ ትንፋሽ አይሰጠኝም። "ንጉሥ!" ወደ ግራ። "ንጉሥ!" ወደ ቀኝ። እንደገና "ንጉሥ!" ወደ ግራ። ጋሽ ተፈራ ያስተማረን ሕግ፣ ያው ነገር ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ ጨዋታው አቻ ነው የሚል ነው።

ሁለተኛው ድግግሞሽ ላይ ነው ያየሁት። ንጉሤ ግራም ቀኝም ሳይል ወደፊት፣ ወደ መሐል ሜዳው አንድ እርምጃ ቢገባ፣ ራቁቱን የቆመ ይመስላል እንጂ የሰይድ ንግሥት አትደርስበትም። ከዚያ በኋላ ጨዋታው የእኔ ነው። ሰይድ ይቀራል፤ እማ ዘሀራ ታርፋለች። ቀና ብዬ አየሁት። ሰሌዳውን አያይም። መንገዱን ነው የሚያየው፤ መኪናውን። ዓይኑ እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። በልቤ "ይህን ሰው አስሬ ላስቀረው ነው" አልሁ። "ከነገ ጀምሮ ጆንያ ተሸክሞ ባለፈ ቁጥር እንዲህ መንገዱን እያየ ሊኖር ነው፤ እኔ ደግሞ በረንዳዬ ላይ ሆኜ እሱን እያየሁ ልኖር ነው።" የእናቱ ፊትም መጣብኝ። ሁለቱም መጡብኝ። እጄ ንጉሡን አንሥቶ ወደ ቀኝ አስቀመጠው።

"ንጉሥ" አለ ሰይድ፣ ድምፁ ደከም ብሎ። ወደ ግራ።

"አቻ!" አለ ጋሽ ተፈራ።

አቻ ቢሆንስ ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ካሸነፈ ይሄዳል፣ ከተሸነፈ ይቀራል፤ ይኸው ነው። አንዱ "ድገሙት" አለ፤ ሌላው "መሐላው ለአንድ ጨዋታ ነው" አለ። ጭቅጭቁ ሲግም አባ ይማም ሽመላቸውን ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት። እንደዚያ ሲያደርጉ ዳኝነት ተጀመረ ማለት ነው። እኔና ሰይድን እንደ ባለጋራ ግራና ቀኝ አስቆሙን። ቃል ተቀበሉን። ከዚያ ጥቂት አሰብ አደረጉ።

"ሰይድ አልረታም፤ ስለዚህ አሰብ አይገባም። ካሳም አልረታም፤ ስለዚህ ቆቦ ላይ አያስቀረውም። ሁለት ሰው እኩል ከሆነ የተጣሉበት ነገር እኩል ይካፈላል፤ መሬት ቢሆንም፣ ከብት ቢሆንም። እነዚህ የተጣሉበት መንገድ ነው። ሾፌር! የአሰብ መንገድ እኩሌታው የት ላይ ይውላል?"

ሾፌሩ ሻዩን እንደያዘ ራሱን አከከ። "እንግዲህ... ሚሌ አካባቢ ይሆናል አባቴ።"

"ሚሌ ነው በቃ።"

"ሚሌ!" ጮኸ ሰይድ። "ሚሌ ላይ ምን አለ? ድንጋይና ፀሐይ ነው እኮ ያለው!"

"ጎማም ይፈነዳል" አለ ሾፌሩ። "እዚያ ያለው ጎሚስታ ጉልበታም ሰው ፈልጎ አጥቷል።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አባ ይማም ግን አልሳቁም። እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም እጁን ዘርግቶ "አሚን" አለ። ከዚያ ወዲያ መወላወል የለም።

ለእማ ዘሀራ የነገርኋት እኔ ነኝ። ደጃፏ ላይ ማሽላ ታበጥር ነበር።

"ሚሌ ሩቅ ነው?" አለችኝ።

"በጠዋት የተነሣ መኪና፣ ጎማ ካልፈነዳ፣ ሲመሽ ይደርሳል።"

በጣቷ ቆጠረች። "እንግዲያ ብሞት አንድ ሌሊት ያሳድሩኝ። ይደርሳል።" ከዚያ ጉልበቴን ይዛ መረቀችኝ። "ግማሹን አስቀረህልኝ፣ አላህ ሙሉ ያድርግህ።" ሙሉውን ላስቀርልሽ እችል ነበር አላልኋትም።

ሰይድ ሚሌ ገባ። በየሁለት ወሩ ጎማ ጎማ እየሸተተ ይመጣል፤ ለእናቱ ተምር፣ ለእኔ ሽርጥ ያመጣል። ትዳሩንም እዚያው መሠረተ። ቀይዋ ሸሚዝ ፀሐይ በልቷት ብርቱካን ሆነች፤ ኮሌታዋን ሁለት ጊዜ ገልብጬ ሰፋሁለት። እማ ዘሀራ ባየችኝ ቁጥር ትመርቀኛለች፤ እኔ ባየኋት ቁጥር መንገድ እቀይራለሁ። ጋሽ ተፈራ ጉድጓዱን ጨርሶ ሄደ። ሻይ አስር የነበረው ሃያ አምስት ሆነ፣ ከዚያ ሃምሳ፣ አሁንማ ሳንቲም የሚባል ነገር የት እንደገባ አላውቅም። ከዚያ ጦርነቱና ያ ሁሉ መጣ፤ የአሰብ መንገድ ተዘጋ። እዚያ የነበሩት ተበታተኑ፤ የተመለሱትም አንዳንዶቹ ባዶ እግራቸውን ነበሩ፤ ያልተመለሱም አሉ። የእነዚያ እናቶች እማ ዘሀራን "አንቺስ የታደልሽ ነሽ" ይሏታል። ሰው ሁሉ ቀድሜ ያወቅሁ አስመስሎ ያወራልኝ ጀመር። ያወቅሁት ምንም ነገር የለም። ዝም አልሁ፤ ዝምታዬንም ትሕትና ብለው ቆጠሩልኝ።

እማ ዘሀራ የሞተችው ሰይድ ለሁለት ቀን ሊጠይቃት በመጣበት ነው። ረፋድ ላይ ውሃ ስጠኝ አለችው፤ ይዞላት ሲመጣ አርፋለች። ከዐስር ሰላት በኋላ ቀበርናት። ጉድጓዱ ውስጥ የገባው ሰይድ ነው። ከላይ አቀበሉት፤ በሁለት እጁ ተቀብሎ እንደሚተኛ ሕፃን ቀስ አድርጎ አሳረፋት። እኔ ዳር ቆሜ ድንጋይ አቀብል ነበር። አልቆ ሰው ሁሉ ወደ ለቅሶው ቤት ሲሄድ እሱና እኔ ግራሩ ሥር ቀረን። ከዚያ በላይ መሸከም አልቻልሁም።

"ሰይድ፣ ያን ቀን ላሸንፍህ እችል ነበር።"

"አውቃለሁ" አለ።

"እንዴት ታውቃለህ?"

"በሩን የከፈትሁልህ እኔ ነኛ! ንግሥቴን ጠጋ አድርጌ ባቆማት መውጫ አልነበረህም። ንጉሡ ወደ መሐል ይግባና ይገላግለኝ ብዬ ከሩቅ አቆምኋት። አንተ ግን እንደ እርሻ በሬ ወዲያና ወዲህ፣ ወዲያና ወዲህ!"

"መንገዱን እያየህ አልነበር?"

"አንተን ማየት አፍሬ ነዋ! ፈርቼ ነበር ካሳ። ቆቦ በሙሉ ካጨበጨበልኝ በኋላ ፈራሁ ልበል? ተሸንፌ ብቀር ግን ማን ምን ይለኛል?"

"ታዲያ ለምን አትነግረኝም?"

"አንተስ ለምን አትነግረኝም?"

ምን እንደነካን አላውቅም፤ ሳቅ ያዘን። ሁለት ጎልማሳ፣ ጺማችን ሸብቶ፣ መቃብር አጠገብ እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ወደ ኋላ የቀረች አንዲት አሮጊት "ያ ረቢ! ዛሬስ አበዱ" ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለፈችን። ሰይድ ሳቁ ሳያልቅ ወደ ልቅሶ ዞረበት። አጠገቡ ተቀመጥሁ። ብዙ ቆይቶ እጁን አየ፤ ክርኑ ድረስ የጉድጓዱ አፈር ለብሶታል፤ አላራገፈውም።

"ደርሼላታለሁ፣ አይደል?" አለኝ።

"ደርሰህላታል" አልሁት።